የጓዝ ምርጫ ከፌርማታው ይጀምር፦ ስለ ብስክሌት መጫኛና የጎን ሻንጣ የቀረበ ምላሽ

ብስክሌትን ከአውቶቡስ ጋር አጣምሮ ለሚጓዝ ሰው የሚሰጠው ምክር ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲሻገር ብዙም አይለወጥም። መጫኛው ብዙ ኪሎ የሚሸከም ይሁን፤ የጎን ሻንጣው ሰፊና ውኃ የማያስገባ ይሁን፤ ከተቻለም ከፊትና ከኋላ አራት ሻንጣ ይሰቀል። ብስክሌት ሻጩ የሚለው፣ የአምራቾች ካታሎግ የሚያትመው፣ የረጅም ጉዞ መመሪያዎች የሚደጋግሙት ይህንኑ ነው። አውቶቡሱ በዚህ ምክር ውስጥ ቦታ የለውም። ብስክሌቱ የሚጫንባቸውና የሚወርድባቸው ደቂቃዎች ከጉዞው ውጭ እንደሆኑ ተቆጥረው ይታለፋሉ። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው እነዚያ ደቂቃዎች ምርጫውን መምራት አለባቸው ብዬ ነው። ሁለቱን መጓጓዣ ለሚያጣምር ሰው መጫኛውም ሻንጣውም ከየትኛውም ኮረኮንች በላይ የሚፈተኑት አውቶቡሱ ቆሞ በሚጠብቅበት ጊዜ ነው።

በቅድሚያ ለነባሩ አመለካከት የሚገባውን ልስጥ። አመለካከቱ የተወለደው ከእውነተኛ ችግር ነው። የብስክሌት መጫኛ ለረጅም ዘመን ቀጭን ሽቦ ነበር፤ ጓዝ ሲበዛበት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ብስክሌቱን ከነነጂው ያንገዳግደዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ጂም ብላክበርን ጠንካራ የአሉሚኒየም መጫኛ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ፤ ከፊት ጎማ ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ የሚታሰረውን የፊት መጫኛም ካስለመዱት አንዱ እሱ ነው። ጀርመን ውስጥ ሃርትሙት ኦርትሊብ በ1982 የመሠረተው ድርጅት ከከባድ መኪና ሸራ ጋር የሚመሳሰል ጨርቅ በሙቀት አጣብቆ፣ አፉን ጠቅልሎ የሚዘጋ ሻንጣ ይዞ መጣ። የሙንስተሩ ቱቡስም ከቀጭን የብረት ቱቦ የተሠራና ራሱ ከ700 ግራም በታች እየመዘነ እስከ 40 ኪሎ የሚሸከም መጫኛ አስተዋወቀ። እነዚህ ሁሉ ትልቅ እርምጃዎች ናቸው። ከቤቱ ተነሥቶ እስከ መድረሻው ድረስ በገዛ እግሩ ለሚነዳ ሰው የኪሎና የሊትር መለኪያ ትክክለኛ መለኪያ ነው፤ በእሱ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ መለኪያው እንዳለ ተነሥቶ አውቶቡስ ለሚሳፈረው ሰው መሰጠቱ ላይ ነው።

ጉዳዩን በሲያትል ልያዘው። አውቶቡስ ግንባር ላይ የሚታሰረው የብስክሌት መያዣ ዛሬ በሰሜን አሜሪካ የሚታወቅበትን መልክ ያገኘው በዚያ አካባቢ ነው። ከተማዋም በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባት፣ ብዙዎቻቸውም በአውቶቡስ ወጥተው በአውቶቡስ የሚገቡባት ናት። የኪንግ ካውንቲ ሜትሮ አውቶቡሶች በ1990ዎቹ ስፖርትወርክስ የተባለው የአካባቢው ድርጅት የሠራውን መያዣ ማሰር ጀመሩ። ነገሩን ያስፈለገው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ሲያትል ዳገታማ ናት፤ ከምሥራቅ በኩል ደግሞ የዋሽንግተን ሐይቅ ከጎረቤቶቿ ይለያታል። በሐይቁ ላይ ከተዘረጉት ሁለት የተንሳፋፊ ድልድይ መስመሮች በደቡቡ በኩል ያለው የብስክሌት መንገድ ነበረው። በሰሜን በኩል ያለው የ520 ድልድይ ግን አዲሱ ተሠርቶ በ2017 መጨረሻ የብስክሌት መስመሩ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ድረስ ብስክሌተኛ አያሻግርም ነበር። ዙሪያውን መጓዝ ያልፈለገ ሰው ሐይቁን የሚሻገረው ብስክሌቱን አውቶቡሱ ግንባር ላይ ሰቅሎ ነበር።

አሠራሩን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ የምለው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነውና። መያዣው ባዶ ሲሆን ታጥፎ ከአውቶቡሱ ግንባር ጋር ይቆማል። ተሳፋሪው ለሾፌሩ ምልክት ሰጥቶ ወደ ፊት ይሄዳል፣ እጀታውን ጨብጦ መያዣውን ወደ ታች ይዘረጋል፣ ብስክሌቱን አንሥቶ ሁለቱን ጎማዎች በተዘጋጀላቸው ቦታ ያሳርፋል። ከዚያ በሞላ የሚሳበውን ክንድ አውጥቶ የፊት ጎማው ላይ ያሳርፈዋል። ብስክሌቱን የሚይዘው ይህ ክንድ ብቻ ነው። ሥራው ሁሉ የተሳፋሪው ነው፤ ሾፌሩ ከወንበሩ ተነሥቶ እንዲያግዘው አይጠበቅም። ለእያንዳንዱ ብስክሌት የተፈቀደው ክብደት 55 ፓውንድ፣ ማለትም 25 ኪሎ ገደማ ነው። ሻንጣ፣ ፓምፕ፣ የውኃ ኮዳ፣ በጠቅላላው ሊወድቅ የሚችል ነገር ሁሉ አስቀድሞ ከብስክሌቱ ላይ መውረድ አለበት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለረጅም መንገድ የተሠራ የብረት ብስክሌት ከነመጫኛውና ከነፓራፋንጎው 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጥንድ ሆኖ 40 ሊትር የሚይዝ የታወቀ የኋላ የጎን ሻንጣ ባዶውን ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። 15 ኪሎ ጓዝ ሲገባበት ድምሩ 32 ኪሎ ይሆናል፤ የመያዣው ገደብ በ7 ኪሎ ታለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ሻንጣዎቹን የማውረዱ ደንብ ባይኖር እንኳ ክብደቱ ራሱ ያስወርዳቸዋል። ካታሎጉ ላይ በትልቁ የተጻፈው 40 ኪሎ በዚህ ሰዓት ምንም አይመልስም። የሚመለሰው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከብስክሌቱ ላይ የወረደውን ጓዝ ማን ይይዘዋል?

የሚይዘው ሰውየው ነው፤ ያለውም ሁለት እጅ ብቻ ነው። አራት የጎን ሻንጣና አንድ የመሪ ላይ ቦርሳ የያዘ ተጓዥ ፌርማታው ላይ አምስት ዕቃ አለው። አውቶቡሱ ሲመጣ አምስቱን መሬት ላይ ትቶ ብስክሌቱን ይሰቅላል፣ ከዚያ ወደ በሩ ደርሶ መልስ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይመላለሳል። ሾፌሩ የሰዓት ሰሌዳ አለበት፣ ከኋላው መኪና ተሰልፏል፣ ውስጥ ያለው ተሳፋሪ ይመለከታል። በዚህ ጥድፊያ የተረሳ ሻንጣ ፌርማታ ላይ ይቀራል። ሁለት ሻንጣ የያዘው ግን ሁለቱን በትከሻ ማንገቻ አያይዞ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ ያንጠለጥላል፤ እጆቹ ነፃ ናቸው። እንግዲህ ለድብልቅ ጉዞ የመጀመሪያው መለኪያ የዕቃው ቁጥር ነው ብዬ አምናለሁ። ሊትሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጓዙ በሁለት የኋላ ሻንጣዎች ካልገባ ሦስተኛ ሻንጣ ከመግዛት በፊት ጓዙን እንደገና መመርመር ይገባል።

ሁለተኛው መለኪያ አወላለቁ ነው። የጎን ሻንጣ መንጠቆ ብዙ ዓይነት ነው። ከላይ በሁለት ክፍት መንጠቆ ተሰቅሎ ከታች በላስቲክ የሚወጠር አለ። የመሸከሚያ እጀታው ወደ ላይ ሲሳብ የላይኞቹ መንጠቆዎች አብረው የሚከፈቱበትም አለ። የኋለኛው በአንድ እጅ ይወልቃል፣ በአንድ እጅ ይሰቀላል። በመንገድ ላይ የሁለቱ ልዩነት ከቁብ የሚቆጠር አይደለም፤ ሻንጣው ጠዋት ይሰቀላል፣ ማታ ይወርዳል። ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ፣ በዝናብ፣ አውቶቡሱ ከማዕዘኑ ብቅ ሲል ግን ልዩነቱ አውቶቡሱን በማግኘትና በማጣት መካከል ያለው ነው። መንጠቆው ከመጫኛው ዘንግ ጋር ልክ መሆኑም መታየት አለበት። የታወቁት መንጠቆዎች ከ8 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ዘንግ ይሠራሉ፤ ለቀጭኑ ዘንግ ግን ከሻንጣው ጋር የሚመጣው የፕላስቲክ ማጥበቂያ መግባት አለበት። ይህን ትንሽ ነገር ስንቱ ሰው ከማሸጊያው ጋር ይጥለዋል! ያለ እሱ ሻንጣው በየጉድጓዱ እየዘለለ መንጠቆውን ይሰብራል፣ የመጫኛውንም ቀለም ይልጣል።

ስለ ፊት መጫኛ ያለኝ ልዩነት ከዚህም ይጠነክራል። አንዳንድ አማካሪዎች ከፊት ጎማ በላይ ጠፍጣፋ መድረክ ያለውን መጫኛ ያደንቃሉ፤ ሣጥንም ቅርጫትም ያስቀምጣልና። የአውቶቡሱ ክንድ ማረፍ ያለበት ግን በጎማው አናት ላይ ነው፤ ትራንስፖርት ድርጅቶቹም ክንዱ ፓራፋንጎ ወይም ቴላዮ ላይ እንዳያርፍ ያሳስባሉ። መድረኩ ያንን ቦታ ይዘጋዋል። ተሳፋሪው ክንዱን መድረኩ ላይ ቢያሳርፈው አውቶቡሱ ፍሬን በያዘ ቁጥር ኃይሉ በሁለት ቀጫጭን ብሎኖች ላይ ይወድቃል። ከጎማው ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ የሚታሰረው መጫኛ ግን የጎማውን አናት ነፃ ይተወዋል። ስለዚህ የፊት መጫኛ የግድ ካስፈለገ ዝቅተኛው ይሁን፤ በእኔ ግምት ግን አውቶቡስ አዘውታሪ ያለ ፊት መጫኛ ይሻለዋል። ከፊት የታሰረ ከፍ ያለ ቅርጫትም የሾፌሩን ዕይታና የአውቶቡሱን መብራት ስለሚጋርድ በብዙ ቦታ ችግር ያመጣል። የፊቱ ፓራፋንጎም አጭር ቢሆን ክንዱ ጎማውን በቀላሉ ያገኘዋል።

ከከተማ አውቶቡስ ወጥተን አገር አቋራጩን ስናይ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። አሜሪካ ውስጥ ግሬይሀውንድ ብስክሌት በሣጥን ታሽጎ እንዲመጣ ሲጠይቅ የኖረ ነው። ከብስክሌት ሱቅ የሚገኘው የካርቶን ሣጥን ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚሰፋ መጫኛ ተፈትቶ መግባት አለበት፣ የተፈታው ደግሞ መድረሻው ላይ መልሶ ይታሰራል። አውሮፓ ውስጥ ፍሊክስባስ በአንዳንድ መስመሮች ከአውቶቡሱ ኋላ መያዣ ያስራል፤ እዚያም የአንዱ ብስክሌት ገደብ 25 ኪሎ ነው። በሁለቱ አህጉር በተለያየ መንገድ የተደረሰበት ቁጥር መመሳሰሉ መልእክት አለው፤ ብስክሌቱ እርቃኑን ይጫናል፣ ጓዙ ለብቻው ይሄዳል። ጠበብ ያለ፣ ከኋላ ጎማው መሐል ብዙ የማይወጣ መጫኛ በሁሉም ቦታ ይገባል። ሰፊ መድረክ ያለው ግን በአንዱ ቦታ ቢመች በሌላው እንቅፋት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁኔታው ከዚህም ይከብዳል፤ ነባሩ ምክር ከሁሉ ይበልጥ የሚከሽፈውም እዚህ ይመስለኛል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳማ በመሆናቸው ብስክሌት የለመዱ ከተሞች ናቸው። በእነሱና በአዲስ አበባ መካከል ያለው መንገድ ግን ለሁሉ ነጂ አይሆንም። ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ በደጀን በኩል ያንኑ ያህል መውጣት አለበት። ስለዚህ ከፊሉን መንገድ በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ማለፍ የተለመደ ብልኃት ነው። ብስክሌቱ ወይ ከአውቶቡሱ ሆድ ይገባል ወይ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ለእሱ የተዘጋጀ የጎማ ማሳረፊያም ክንድም የለም። ጫኙ ከላይ ሆኖ እጁን ይዘረጋል፣ ከታች ያለው ብስክሌቱን ያቀብላል፤ የሚጨበጠው ለእጅ የቀረበው ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ የኋላ መጫኛው ነው። ከዚያ ብስክሌቱ በጎኑ ይተኛል፣ ከላዩ ሻንጣና ጆንያ ይደረብበታል፣ ገመድም በመጫኛው ውስጥ አልፎ ይወጠራል። መጫኛው በአንድ ጠዋት እጀታም፣ መደገፊያም፣ ገመድ ማሰሪያም ሆኖ ያገለግላል። ከላይ ወደ ታች 40 ኪሎ ለመሸከም የተነደፈ ዕቃ ከጎን የሚመጣን ክብደት እንዴት እንደሚችለው ካታሎጉ አይናገርም።

ብስክሌት በጎኑ ሲተኛ መሬቱን የሚነኩት የመሪው ጫፍ፣ ፔዳሉና የመጫኛው ጠርዝ ናቸው። የመጫኛው ጠርዝ ከቴላዮው በራቀ መጠን ብሎኖቹን የሚጠመዝዘው ኃይል ይበረታል። አብዛኛው መጫኛ በ5 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው የሚታሰረው። የመጫኛው እግር ከቴላዮው ጋር ተጣብቆ ሲታሰር ብሎኑ ብዙ ይችላል፤ በመካከል ረጅም ቀለበት ገብቶ ሲርቅ ግን ብሎኑ ይታጠፋል፣ ሲብስም ከቀዳዳው ውስጥ ይቆረጣል። የተቆረጠ ብሎን ከቀዳዳው ማውጣት ደግሞ የገጠር ከተማ ውስጥ ቀላል ሥራ አይደለም። ስለዚህ መጫኛ ሲገዛ እግሩ ቴላዮው ላይ ያለ ቀለበት ልክ መግጠሙን ማየት የኪሎ ቁጥሩን ከማንበብ ይቀድማል። ብስክሌቱም ሲተኛ ካቴናውና ማርሽ መቀየሪያው ያለበት ጎን ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ይህን ለጫኙ አስቀድሞ በአክብሮት መንገር ኋላ ከመጨቃጨቅ ያድናል። ከኮርቻው ዘንግ ላይ ብቻ በአንድ ማጥበቂያ የሚታሰረውን መጫኛ በዚህ ጉዞ ላይ ፈጽሞ አልመክረውም። የሚሸከመው ወደ 10 ኪሎ ብቻ ከመሆኑም በላይ ጫኙ ይዞ ሲያነሣው ይዞራል።

ብረት ወይስ አሉሚኒየም የሚለው የቆየ ክርክር እዚህ ላይ ሌላ መልስ ያገኛል። ብረት ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ ግትርነቱም ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በብልኃት የተሠሩ ሁለት መጫኛዎች በሚዛን ላይ ብዙ አይራራቁም። የሚራራቁት ሲጎዱ ነው። የተጣመመ ብረት በጥንቃቄ ይቃናል፤ የተሰበረውን በያጅ ይጠግነዋል። አሉሚኒየም ግን አንዴ ከተጣመመ በኋላ ሲያቃኑት ይሰነጠቃል፣ ለብየዳውም በየመንደሩ የማይገኝ መሣሪያ ይፈልጋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከውጭ የመጣው ውድ የብረት መጫኛ ቱቦው ስስ ነው፤ በተለመደው የኤሌክትሪክ ብየዳ ቶሎ ይበሳል። እሱን በጋዝ ብየዳ፣ በነሐስ ዘንግ መጠገን ይሻላል።

መጫኛውን በአገር ውስጥ ማሠራትም ይቻላል፤ ለብዙዎች የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል። በያጆች ለዚህ ሥራ ቅርብ ሆኖ የሚያገኙት ፌሮ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሜትር 0.4 ኪሎ ገደማ፣ 10 ሚሊ ሜትሩ 0.6 ኪሎ ገደማ፣ 12 ሚሊ ሜትሩ 0.9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለአንድ የኋላ መጫኛ 4 ሜትር ያህል ቢያስፈልግ ሁሉንም በ12 ማሠራት ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ ብረት መሸከም ነው፤ ያለ ጥቅም። ሻንጣው የሚሰቀልባቸውን ሁለቱን የላይ ዘንጎች በ10፣ እግሮቹንና ማገናኛዎቹን በ8 ማሠራት ክብደቱን ወደ 2 ኪሎ ያወርደዋል፤ የላይኛው ዘንግም ከመንጠቆው ማጥበቂያ ጋር ይገጥማል። የላይኞቹ ዘንጎች ልሙጥ ብረት ይሁኑ። የግንባታ ፌሮ ላይ ያለው ጥርስ የፕላስቲክ መንጠቆን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በዘንጎቹ መካከል ያለው ስፋት ከ12 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ እግሮቹም ሻንጣው ወደ ጎማው እንዳይገባ ከኋላ በኩል ሰፋ ቢሉ መልካም ነው። የነጂው ተረከዝ ሻንጣውን እንዳይመታው ሻንጣው ወደ ኋላ መግፋት ስላለበት በያጁ ጋ ሲኬድ ሻንጣውንም ብስክሌቱንም ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። በወረቀት የተለካ መጫኛ ተረከዝን አያውቅም።

ከነባሩ ምክር ሌላ በቅርብ ዓመታት የተጠናከረ ሐሳብ አለ፦ መጫኛ ከናካቴው ይቅር፣ ጓዙ በኮርቻው ሥር፣ በቴላዮው መሐልና በመሪው ላይ በሚታሰሩ ለስላሳ ቦርሳዎች ይያዝ ይላል። የሐሳቡ ሥር በአላስካ የበረዶ ውድድሮችና በአሜሪካ የተራራ መንገዶች ነው፤ ለጠባብ የእግር መንገድ እውነትም የሚስተካከለው የለም። ደጋፊዎቹ ከአውቶቡስም ጋር ይስማማል ይላሉ፤ ሰፊ ነገር የለውምና። ለአውቶቡሱ ሆድ ልክ ናቸው። ለከተማው አውቶቡስ ግን አይደሉም። እነዚህ ቦርሳዎች እያንዳንዳቸው በሦስትና በአራት ማሰሪያ የተቆራኙ ናቸው፤ ደንቡ ሊወድቅ የሚችለው ሁሉ ይውረድ ሲል ተጓዡ ፌርማታው ላይ ማሰሪያ ሲፈታ ይቆያል፤ የወረዱትም መሸከሚያ እጀታ የሌላቸው፣ ለብቻቸው የማይቆሙ ጥቅሎች ናቸው። ሳይወርዱ ይለፉ ቢባል ደግሞ የመሪው ጥቅል ከጎን ካለው ብስክሌት ጋር ይጋጫል።

የሚታጠፍ ብስክሌት ያሳዩኝም አሉ። ለዕለታዊ የከተማ ምልልስ እቀበላቸዋለሁ፤ ያለ ቅሬታ። እንዲያውም ምስክሬ ናቸው። እንግሊዛዊው አንድሩ ሪቺ በ1970ዎቹ አጋማሽ የጀመረው ብሮምፕተን ሻንጣውን የሚሰቅለው ከመሪው በታች፣ ቴላዮው ላይ በተተከለ ማገጃ ላይ ነው። ሻንጣው በአንድ እንቅስቃሴ ወልቆ በእጅ ይያዛል፣ ከዚያ ብስክሌቱ ይታጠፋል። ንድፉ የተጀመረው ከመሳፈሪያው ደቂቃ ነው። የእኔም ጥያቄ ይኸው አስተሳሰብ ለማይታጠፈው ብስክሌት ለምን ተነፈገ የሚል ነው። የትናንሽ ጎማዎቹ ነገር በጠጠር መንገድና በረጅም ጉዞ ሌላ ወሬ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ከሁሉም ተቃውሞ የከበደው የሚከተለው ነው። ጉዞው ሰዓታት ይፈጃል፣ ጭነቱ ደቂቃዎች፤ ለደቂቃዎቹ ሲባል ሰዓታቱን የሚያስተካክለውን አደራደር መተው ተገቢ አይደለም። ጓዙ በአራት ሻንጣ ሲከፋፈል ብስክሌቱ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ሁሉም ከኋላ ሲሆን ዳገት ላይ ፊቱ ይቀልላል፣ ቁልቁለት ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። ይህ እውነት ነው፤ 25 ኪሎ ጓዝ ለሚይዝ ሰው መልስ የለኝም፣ እሱም አራት ሻንጣውን ይያዝ። ነገር ግን በአውቶቡስ የሚያልፈው ሰው ይህን ያህል መያዝ የለበትም። አውቶቡሱ ራሱ ምድረ በዳውን፣ ረጅሙን ዳገት፣ ሱቅ የሌለበትን ርቀት ያሳጥርለታል፤ የሦስት ቀን ስንቅና የብዙ ሊትር ውኃ መሸከም ቀርቶለታል። ጓዙ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሲሆን፣ ከባድ ከባዱ ከሻንጣው ግርጌና ወደ ነጂው በኩል ሲገባ፣ ሻንጣው ዝቅ ብሎ በሚሰቀልበት መጫኛ ላይ ሲንጠለጠል የፊቱ መቅለል እምብዛም አይሰማም። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት፤ ይህንንም በእጅ ሚዛን ብቻ ማረጋገጥ ይቻላል። ደቂቃዎቹ ጥቂት ናቸው የሚለውም ክርክር ያጠረ ነው። መንገድ ላይ የላላ ነገር ቢኖር ነጂው ቆሞ ያጠብቀዋል፤ ጊዜው የራሱ ነው። ፌርማታና መናኸሪያ ላይ ጊዜው የሾፌሩ፣ የጫኙና የተሳፋሪው ነው። ብሎን የሚቆረጠው፣ ሻንጣ የሚጠፋው፣ አውቶቡስ የሚያመልጠውም በዚያው ሰዓት ነው።

በቀላሉ የሚወልቅ ሻንጣ በቀላሉ ይሰረቃል ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው ሻንጣ ከባለቤቱ ጋር ይገባል። ሊሰረቅ የሚችለው ብስክሌቱ ላይ ታስሮ የቀረው ነው።

በመጨረሻ ደረጃ ለሚያወጡ ሰዎች የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። የብስክሌት ዕቃ መጫኛዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ አላቸው፤ አይኤስኦ 11243 ይባላል፣ በ2016ም ታድሷል። መጫኛውን በሚሸከመው ክብደት ይመድበዋል፣ ክብደት ተጭኖበትና እየተንቀጠቀጠ ይፈትነዋል። ፈተናው የሚያስበው ግን ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሲነዳ ነው። ሁለት ፈተና ቢጨመርበት ለአውቶቡስ ተጓዡ ትልቅ ውለታ ይሆናል። አንደኛው፣ 15 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት በመጫኛው የኋላ ጫፍ ተይዞ በተደጋጋሚ ይነሣ፣ ማሰሪያውም መዞሩና አለመዞሩ ይታይ። ሁለተኛው፣ ብስክሌቱ በጎኑ ተኝቶ መጫኛው ላይ የ20 ኪሎ ሻንጣ ይደረብበት፣ እየተንቀጠቀጠ ጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ብሎን ተፈትቶ መታጠፉ ይለካ። ውጤቱ መጫኛው ላይ ከኪሎው ቁጥር ጎን ይታተም። ደረጃው እስኪደርስ ድረስ ገዢው ራሱ ሱቁ ውስጥ ባለሱቁን አስፈቅዶ መጫኛው የታሰረበትን ብስክሌት በመጫኛው ጫፍ ብድግ ሊያደርገው ይችላል።